ከመተካት በፊት ማንበብ፦ የፍሎፒ ድራይቭ ያላቸው ኪቦርዶች ጥገናና በወላይታ ሶዶ የሚገኙ የድምፅ ዲስኮች

መግቢያ

በወላይታ ሶዶ ለሠርግ፣ ለጊፋታ በዓልና ለመዘምራን አገልግሎት ከሚውሉት ኪቦርዶች መካከል ዕድሜያቸው ከሃያ ዓመት ያለፈ ዛሬም ያጋጥማሉ። የአንዳንዶቹ ነጭ ቁልፍ ቢጫ ሆኗል፣ የሌሎቹ ስክሪን ደብዝዟል፤ ድምፃቸው ግን እንደ ነበረ ነው። ብዙ ጊዜ ከሌላው ክፍል ቀድሞ የሚደክመው በፊት ለፊት ወይም በጎን በኩል ያለው የፍሎፒ ዲስክ ድራይቭ ነው። ድራይቩ ሲደክም ኪቦርዱ ዲስክ አያነብም፤ ዲስክ ካላነበበ ደግሞ ባለቤቱ ለዓመታት ያጠራቀመው ምትና ድምፅ በፕላስቲክ ልባስ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል።

ለዚህ ችግር የጥገና ባለሙያዎች የሚሰጡት መልስ ከሶዶ እስከ ቶኪዮ ተመሳሳይ ነው፤ አሮጌውን ድራይቭ ነቅሎ በምትኩ ፍላሽ የሚቀበል ኢሙሌተር መግጠም። መልሱ ትክክል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። አሮጌው ድራይቭ ሊጣል የተዘጋጀ ቁርጥራጭ ሳይሆን፣ በዚያው ኪቦርድ የተጻፉትን ዲስኮች በትክክል ሊያነብ የሚችል ብቸኛ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዲስኮቹ ሳይነበቡ ድራይቩ ከተጣለ ጥገናው የተሳካ፣ ሰነዱ ግን የጠፋ ይሆናል።

ጽሑፉን ያነሣሣው አንድ ገጠመኝ ነው። በሶዶ የሚኖሩ አንድ የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋች፣ ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለ ፈለጉ ከዚህ በኋላ «ተጫዋቹ» እየተባሉ የሚጠሩት፣ ኪቦርዳቸውን ለጥገና ሰጥተው አዲስ ኢሙሌተር ተገጥሞለት ተረከቡ። ኪቦርዱ በደንብ ይሠራል። የቀድሞ ዲስኮቻቸውን ወደ ፍላሽ ለማስገልበጥ በላፕቶፕና በዩኤስቢ ድራይቭ ሲሞክሩ ግን ከፊሎቹ ተነበቡ፤ ከፊሎቹ ላይ ኮምፒውተሩ ዲስኩ እንዳልተፎረመተ ገልጾ ልፎርምተው ወይ ብሎ ጠየቀ። ካልተነበቡት በአንዱ ላይ በእጅ ጽሑፍ «ጊፋታ 98» ይላል። አሮጌው ድራይቭ የት እንደ ደረሰ ሲጠየቅ በጥገና ቤቱ የቁርጥራጭ ካርቶን ውስጥ ተገኘ። መገኘቱ ዕድል ነበር።

በዲስኩ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ሳምፕለር እውነተኛ ድምፅን በማይክሮፎን ወይም በገመድ ተቀብሎ ወደ ቁጥር የሚለውጥ፣ ያንኑ ድምፅ በቁልፎቹ ላይ ከፍና ዝቅ አድርጎ የሚያጫውት መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ብቅ ያለው የአውስትራሊያው ፌርላይት ሲኤምአይ ስምንት ኢንች ስፋት ባላቸው ዲስኮች ይጠቀም ነበር፤ ዋጋው ግን ከግለሰብ ሙዚቀኛ አቅም በላይ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የወጣው ኤንሶኒክ ሚራዥ ዋጋውን አወረደው፣ 3.5 ኢንች ዲስክም ይዞ መጣ። አካይ ኤስ1000 በ1988 የ16 ቢት ጥራትን አስለመደ። በ1999 የወጣው ኮርግ ትራይተን ደግሞ ሳምፕለሩን፣ የድምፅ ማመንጫውንና የምት መቅረጫውን በአንድ ኪቦርድ ውስጥ ጠቀለለ።

እነዚህን መሣሪያዎች ከዲስክ ጋር ያቆራኛቸው ባሕርይ አንድ ነው። በሳምፕለሩ ውስጥ ያለው ናሙና የሚቀመጠው ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ማኅደረ ትውስታ ላይ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚጫወት ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማብራራት አያስፈልግም፤ በሠርግ መሀል መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተጫዋቹ ዲስክ አስገብቶ ይጠብቃል። ጥበቃውም አጭር አይደለም። ከፍተኛ ጥግግት ያለው ዲስክ 80 ትራኮች፣ ሁለት ገጾችና በየትራኩ 18 ሴክተሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት ስለሚይዝ ድምሩ 1,474,560 ባይት ይሆናል። በ44.1 ኪሎ ኸርዝና በ16 ቢት የተቀዳ አንድ መስመር ድምፅ በሴኮንድ 88,200 ባይት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ዲስክ የሚይዘው 16.7 ሴኮንድ ያህል ድምፅ ብቻ ነው፤ የዝቅተኛ ጥግግት ዲስክ ደግሞ የዚህን ግማሽ ይይዛል። የትራይተን 16 ሜጋባይት ማኅደረ ትውስታ ቢሞላ እርሱን ለማስቀመጥ 12 ዲስክ ያስፈልጋል። ተጫዋቾች ድምፅ የሚቆጥቡት ለዚህ ነው፤ ሙሉ ዜማ ሳይሆን አንድ የከበሮ ምት፣ አንድ ጭብጨባ፣ አንድ እልልታ ይቀዳሉ።

የአንድ ሰው ኪቦርድ የሙሉ ባንድን ቦታ መያዙ በሙዚቃችን ታሪክ አዲስ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ከተማ አኮርዲዮንን ከያማሃ ዲኤክስ7ና ከመሰል የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ጋር አጣምሮ ብቻውን የሠራው ቀረጻ ከሚታወቁት ምሳሌዎች አንዱ ነው። በክልል ከተሞች ሆቴሎችና ሠርጎች «ዋን ማን ባንድ» የሚባለው አሠራር የዚሁ ቤተሰብ ነው። ነገር ግን በፋብሪካ የተዘጋጁት የኪቦርድ ምቶች ቫልስ፣ ዲስኮ፣ ሬጌ፣ ቦሳኖቫና የመሳሰሉት ናቸው። የወላይታ ጭፈራ ምት ከፋብሪካ አይመጣም። በሶዶ ሠርግ ሊጫወት የተነሣ ሰው ምቱን ራሱ ማዋቀር አለበት፤ ከበሮው የሚመታበትን፣ ጭብጨባው የሚገባበትን፣ ባሱ የሚዘገይበትን ቦታ በጆሮው ለክቶ ያስገባል። ያን ሥራ የሚያስቀምጥበት ቦታ ደግሞ ፍሎፒ ዲስክ ነበር።

በመሆኑም እንዲህ ያለ ዲስክ ለተመራማሪ ቢያንስ ሦስት ዓይነት መረጃ ይይዛል። አንደኛው ናሙናው፣ ማለትም የተቀዳው ድምፅ ነው። ሁለተኛው የምቱ ውቅር ነው፤ ይህ ከድምፅ ቅጂ የሚለየው እያንዳንዱ ምት የተመታበት ጊዜና ጉልበት በቁጥር የተቀመጠ በመሆኑ ነው። ካሴት ሰምተን በግምት የምንጽፈውን፣ ዲስኩ አስቀድሞ ጽፎት ይገኛል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የቅኝት ማስተካከያ ነው። በርካታ ኪቦርዶች እያንዳንዱን ኖታ ከምዕራባውያኑ እኩል ክፍፍል በሴንት፣ ማለትም በግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ፣ ከፍ ወይም ዝቅ ለማድረግ ይፈቅዳሉ። አንድ ተጫዋች የአገሩን ዘፋኝ ለመከተል የትኛውን ኖታ በስንት ሴንት እንዳወረደ የሚያሳይ ፋይል፣ ስለ ቅኝት ለሚጽፍ ሰው ከቃለ መጠይቅ የበለጠ ሊናገር ይችላል። ተጫዋቹን «ይህን ኖታ ለምን አወረዱት?» ብዬ ስጠይቃቸው «ካልወረደ አይጣፍጥም» ነበር መልሳቸው። በስንት እንዳወረዱት አያስታውሱም። ፋይሉ ግን ያስታውሳል።

ድራይቭ ሲያረጅ

የ3.5 ኢንች ድራይቭ ዲስኩን በደቂቃ 300 ጊዜ ያሽከረክራል፤ አንድ ዙር 200 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል ማለት ነው። ሁለት የማንበቢያ ራሶች፣ ጠጋኞች ሄድ የሚሏቸው፣ ከላይና ከታች ዲስኩን እየነኩ ያነባሉ፣ ይጽፋሉም። ሄዶቹን ከትራክ ወደ ትራክ የሚያንቀሳቅሳቸው ስቴፐር ሞተር ነው። ሞተሩ በታዘዘው ቁጥር ልክ አንድ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ የቆመበት ቦታ በእርግጥ የትራኩ መካከል መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ ግን የለውም። መነሻውን የሚያውቀው በዜሮኛው ትራክ ላይ ባለ አነስተኛ ዳሳሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በመቁጠር ነው።

ከዚህ አሠራር ሁለት ፍጹም የተለያዩ የእርጅና ዓይነቶች ይመነጫሉ፤ በጥገና ቤት ግን ሁለቱም «ድራይቩ ሞቷል» ይባላሉ።

የመጀመሪያው መድከም ነው። ሄዶቹ የሚንሸራተቱበት ሐዲድ የተቀባው ግራሶ ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ አቧራ ሲጨመርበት ማጣበቂያ ይሆናል። በጣም በቆዩት ሞዴሎች ዲስኩን የሚያዞረው የላስቲክ ቺንጋ ይላላል ወይም ይበጠሳል። ካፓሲተሮች ፈሳሻቸውን ያፈስሳሉ። የሄዶቹ ፊት ከዲስክ በተፋቀ ዱቄት ይሸፈናል። የሐዲድ መድረቅ አንድ መለያ ምልክት አለው፤ ኪቦርዱ የፋይሎቹን ዝርዝር ያሳይና ፋይሉን ሲጭን ስሕተት ያወጣል። በዶስ አደረጃጀት በተፎረመተ ዲስክ ላይ ዝርዝሩ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ትራኮች ነው፤ ሄዱ እዚያ ድረስ ይደርሳል፣ ወደ ውስጥ ሲገፋ ግን ይያዛል። የተጫዋቹ ኪቦርድ ከመጠገኑ በፊት ያሳይ የነበረው ምልክት በትክክል ይህ ነበር። ይህ በጥጥና በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ከዚያም በጥቂት አዲስ ግራሶ የሚድን በሽታ ነው። ሽቶ አልኮሉን አይተካም፤ ዘይቱን በሄዱ ላይ ትቶ ይሄዳል።

ሁለተኛው መዛነፍ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እርሱ ነው። በ3.5 ኢንች ዲስክ ላይ በአንድ ኢንች 135 ትራኮች ይደረደራሉ፤ ከአንዱ ትራክ መካከል እስከ ሌላው ያለው ርቀት 0.19 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ድራይቩ በመውደቅ፣ በሙቀት፣ በመንገድ ንዝረት ወይም በብሎን መላላት ምክንያት ከዚህ ርቀት ጥቂት ክፍልፋይ ቢዛነፍ፣ የሚጽፈው ከትራኩ መካከል ወጣ ብሎ ይሆናል። ራሱ የጻፈውን ራሱ ሲያነብ ችግር የለም፤ የተዛነፈው ጸሐፊም አንባቢም እርሱ ነውና። ያንኑ ዲስክ በጤነኛ ድራይቭ ውስጥ ስንከተው ግን ሄዱ በትራኩ ጠርዝ ላይ ስለሚሄድ ምልክቱ ይደክማል፤ ከዚህ በባሰ ሁኔታም ቀድሞ በሌላ ድራይቭ የተጻፈ ቅሪት አብሮ ይሰማዋል። ሶዶ ውስጥ ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ በጭነት መኪናና በባጃጅ ሲጓጓዝ የኖረ ኪቦርድ ድራይቩ ቢዛነፍ አያስገርምም። የሚያስገርመው ባለቤቱ ለዓመታት ሳያውቀው መቆየቱ ነው፤ በራሱ ኪቦርድ ላይ ሁሉም ነገር ይሠራለታልና። ምልክቱ የሚታየው ዲስኩን ለባልደረባ ሲያውስ ብቻ ነው፤ ያኔም ወቀሳው በዲስኩ ወይም በባልደረባው ኪቦርድ ላይ ያርፋል።

ይህ ለጥገናው ቅደም ተከተል ያለው ትርጉም ግልጽ ነው። የደከመ ድራይቭ ያጸዱታል ወይም ይተኩታል፤ ለዲስኮቹ ሌላ አንባቢ አያጣም። የተዛነፈ ድራይቭ ግን ለእነዚያ ዲስኮች ቁልፍ ነው። ሁለቱን ሳይለይ መንቀልና መጣል፣ መዝጊያው ዘይት ስላነሰው ቁልፉን ወደ ገደል እንደ መወርወር ነው።

ንባቡ

የንባቡ ሥራ የሚጀምረው ከካቻቢቴ በፊት ነው። ኪቦርዱ በርቶ በውስጡ የተቀመጡ ፕሮግራሞች ካሉ፣ ድራይቩን ሳይነኩ በሚዲ ገመድ ወደ ኮምፒውተር መላክ ይቻላል። ሚዲ በሴኮንድ 31,250 ቢት ስለሚያስተላልፍ፣ ይህም ወደ 3,125 ባይት ስለሚጠጋ፣ የአንድ ዲስክ ያህል መረጃ ቢያንስ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል፤ ለናሙና አይመችም፣ ለፕሮግራምና ለቅኝት ማስተካከያ ግን ከበቂ በላይ ነው። ይህ መጀመሪያ መደረግ ያለበት የኪቦርዱ የውስጥ ባትሪም አብሮ ስላረጀ ነው።

ከዚያ ዲስኮቹ ከነመለያ ወረቀታቸው ፎቶ ይነሣሉ። መለያው የሰነዱ አካል ነው። ኪቦርዶቹ የፋይል ስም የሚፈቅዱት በላቲን ፊደል፣ ብዙውን ጊዜም በስምንት ፊደል ብቻ ስለሆነ፣ በዲስኩ ውስጥ ያለው ስም የተቆራረጠ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ግን የማን ሠርግ፣ የትኛው ዘማሪ፣ የየትኛው ዓመት ጊፋታ እንደ ሆነ ይናገራል። በተጫዋቹ ካርቶን ውስጥ «አዲሱ»፣ «አዲሱ 2» እና «የመጨረሻው አዲስ» የሚሉ ሦስት ዲስኮች ነበሩ። ከእኛ መካከል የመመረቂያ ጽሑፉን ፋይል እንዲህ ያልሰየመ ካለ እጁን ያውጣ።

ቀጥሎ በእያንዳንዱ ዲስክ ጥግ ያለችው ተንሸራታች መከላከያ ቀዳዳዋ እስኪታይ ትከፈታለች፤ ያኔ ማንኛውም ድራይቭ ሊጽፍበት አይችልም። ቀላል ቢመስልም ኮምፒውተሩ ልፎርምት ሲል በስሕተት አዎን ማለት የሚያስከትለውን ጥፋት የሚከለክለው ይህ ብቻ ነው። ከዚያ የብረቱ መዝጊያ በጣት ተገፍቶ፣ መካከለኛው እምብርት ቀስ ብሎ እየተሽከረከረ የዲስኩ ፊት ይታያል። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች፣ ክረምቷ እርጥብ የሆነ ከተማ ናት፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በካርቶን ውስጥ የከረመ ዲስክ ሻጋታ ቢያወጣ ይጠበቃል። ሻጋታ ያለበት ዲስክ ወደ ድራይቭ ከገባ የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም፤ ሄዱን ያቆሽሻል፣ የቆሸሸው ሄድም ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክ ይቧጭራል። እንዲህ ያሉት ለብቻቸው ተለይተው መጨረሻ ላይ ይታያሉ።

የዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭ ለዚህ ሥራ የማይበቃው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ከላይ የተገለጸው መዛነፍ ነው። ሁለተኛው ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ የሚረዳው የተለመዱትን የ720 ኪሎባይትና የ1.44 ሜጋባይት አደረጃጀቶች ብቻ መሆኑ ነው። አካይ ኤስ1000 በዝቅተኛ ጥግግት ዲስክ በየትራኩ 1,024 ባይት የሚይዙ አምስት ሴክተሮችን ይጽፋል፤ ኤንሶኒክ ኢፒኤስ ደግሞ 512 ባይት የሚይዙ አሥር ሴክተሮችን። የሁለቱም ድምር 819,200 ባይት ነው፤ በቁጥር አንድ፣ በአደረጃጀት ግን ለየቅል ናቸው። ለዩኤስቢ ድራይቩ ሁለቱም «ያልተፎረመተ ዲስክ» ናቸው።

ይህን የሚሻገረው ኪየር ፍሬዘር የተባለው የሶፍትዌር ባለሙያ ያዘጋጀው ግሪስዊዝል የሚባል አነስተኛ ሰሌዳ ነው፤ ንድፉም ሶፍትዌሩም ለሁሉ ክፍት ነው። ሰሌዳው በአንድ ወገን ከኮምፒውተር በዩኤስቢ፣ በሌላው ወገን ከፍሎፒ ድራይቭ በባለ 34 መስመር ጠፍጣፋ ገመድ ይገናኛል። የሚመዘግበው ፋይልን ወይም ሴክተርን ሳይሆን በዲስኩ ላይ ያለው መግነጢስ አቅጣጫውን የቀየረበትን ቅጽበት ሁሉ ነው። አደረጃጀቱ ምን እንደ ሆነ በኋላ፣ በሶፍትዌር፣ ደጋግሞ እየሞከሩ መተርጐም ይቻላል። ለእኛ ክርክር የሚጠቅመው ዋና ባሕርዩ ግን ከማንኛውም መደበኛ ድራይቭ ጋር መሥራቱ ነው። ከኪቦርዱ የተነቀለው አሮጌ ድራይቭ ራሱ ጸድቶ ከሰሌዳው ጋር ሊገናኝ ይችላል። ጸሐፊው አንባቢ ይሆናል ማለት ነው። አንዳንድ ኪቦርዶች ባለ 26 መስመር ቀጭን ድራይቭ ስላላቸው አስማሚ ይፈልጋሉ።

ከካርቶኑ የወጣው ድራይቭ በዚህ መንገድ ተፈተነ። ሐዲዱ ተጠርጎ አዲስ ግራሶ ከተቀባ በኋላ ሄዱ እስከ መጨረሻው ትራክ ያለ ችግር ሄደ። በዩኤስቢ ድራይቭ ካልተነበቡት ዲስኮች ሻጋታ የሌለባቸው አብዛኞቹ በሙሉ ተነበቡ። «ጊፋታ 98» በመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ሴክተሮች ጎደሉት፤ አንዱን ትራክ በርካታ ዙር እያሽከረከሩ ደጋግሞ በማንበብ ሁለቱም ተገኙ። የመዛነፉ ነገር ግምት ብቻ እንዳይሆን የተገላቢጦሹም ተሞክሯል፤ በሌላ ጤነኛ ድራይቭ የተጻፈ አዲስ ዲስክ በዚህ ድራይቭ ሲነበብ ስሕተቱ በረከተ፣ ያንኑ ዲስክ አሮጌው ድራይቭ ራሱ ከጻፈበት በኋላ ግን ያለ ስሕተት አነበበው። አንድ ድራይቭ ስለ ሌሎች ሁሉ አይመሰክርም። ነገር ግን ድራይቩ በአንድ ጊዜ ደክሞም ተዛንፎም እንደ ነበር፣ ድካሙም መዛነፉን ሸፍኖት እንደ ኖረ ያሳያል።

ተከላው

ኢሙሌተሩን መግጠም ከንባቡ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ሥራ ነው፤ ስለዚህም በአጭሩ ይገለጻል። በገበያ የተለመደው ጎቴክ የሚባለው የቻይና ምርት ነው። መጠኑ ከ3.5 ኢንች ድራይቭ ጋር እኩል ነው፣ የሚሠራውም በ5 ቮልት ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ የያዘው ፈርምዌር የተለመዱ አደረጃጀቶችን ብቻ ስለሚያውቅ፣ ብዙዎች በፍሬዘር ፍላሽፍሎፒ ወይም በዣን ፍራንሷ ዴል ኔሮ ኤችኤክስሲ ይተኩታል። ፍላሽፍሎፒ በነጻ የሚገኝ ሲሆን የአካይንና የኤንሶኒክን አደረጃጀት በቅንብር ፋይል ውስጥ በአንድ መስመር እንዲያውቅ ይደረጋል።

ችግር የሚፈጥረው ብዙ ጊዜ የገመዱ ነገር ነው። የኮምፒውተር ድራይቮች በሙሉ «ሁለተኛ ድራይቭ» ተብለው ተስተካክለው ስለሚመጡ ገመዱ መሀል ላይ ተጠማዝዞ ያርማቸዋል፤ የኪቦርድ ገመድ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ «አንደኛ ድራይቭ»ንም ይጠራል። መርካቶ ውስጥ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ድራይቭ ኪቦርድ ላይ ተገጥሞ ዝም የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው 34ኛው መስመር ነው፤ ኮምፒውተር በዚህ መስመር የሚጠብቀው ዲስክ ተቀይሯል የሚል ምልክት ሲሆን፣ ብዙ ሳምፕለሮች ግን ድራይቩ ዝግጁ ነው የሚል ምልክት ይጠብቃሉ። በኢሙሌተሩ ላይ ሁለቱም በጃምፐርና በቅንብር ፋይል ይስተካከላሉ። መብራቱ ያለማቋረጥ በርቶ ከቀረ ገመዱ ተገልብጦ ተሰክቷል።

ተጫዋቾች ከኢሙሌተሩ ፍጥነት ይጠብቃሉ፤ አያገኙም። ኪቦርዱ የሚያውቀው በደቂቃ 300 ጊዜ የሚዞር ዲስክ ስለሆነ ኢሙሌተሩ ያንኑ ፍጥነት ያስመስላል፤ ሙሉ ዲስክ ለማንበብ አሁንም ከ32 ሴኮንድ ያላነሰ ይፈጃል። የሚገኘው ጥቅም ሌላ ነው፤ ዲስክ መግዛት መቅረቱ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 በጃፓን የፍሎፒ ሽያጭ ካቆመ ወዲህ የሚገኘው ከክምችት የተረፈ ዕቃ ነው። ሁሉንም ዲስክ በአንድ ፍላሽ መያዝም ሌላው ጥቅም ነው፤ አደጋውም ያው ነው። ቀድሞ አንድ ዲስክ ሲበላሽ አንድ ሠርግ ይጠፋ ነበር፤ ዛሬ መብራት በመጻፍ መሀል ሲቋረጥ ፍላሹ በሙሉ ሊታወክ ይችላል። ለሥራ የሚውለው ፍላሽ ሁልጊዜ ቅጂ እንጂ ዋና መሆን የለበትም።

ስለ ባለቤትነት

የተነበቡት ፋይሎች የት ይቀመጡ የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ያልታሰበበት፣ በኋላ ግን ከቴክኒኩ የከበደ ሆኖ የተገኘ ነው። የምት ውቅሮቹ የተጫዋቹ የራሳቸው ሥራ ናቸው፤ ናሙናዎቹ ግን የሌሎች ሰዎች ድምፅ ናቸው፤ አንዷ ባለ እልልታ በሕይወት የሉም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲም ለከዋኝም ጥበቃ ይሰጣል፤ በሠርግ ላይ የተቀዳ የአንዲት እናት እልልታ በዚህ ውስጥ የት እንደሚወድቅ ግን የሕግ ባልደረቦቻችን ቢመረምሩት መልካም ነው። ወላይታ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ የድምፅ ሰነድ የሚያስቀምጥ የሕዝብ ማኅደር እንዲኖራት የሚነሣው ጥያቄም ከዚህ አንጻር ወቅታዊ ነው።

ተጫዋቹ በበኩላቸው የምትና የቅኝት ፋይሎቹን ለጥናት ፈቅደዋል፤ ናሙናዎቹን ግን የባለ ድምፆቹን ቤተሰቦች እስኪያነጋግሩ ድረስ አልፈቀዱም። እስከዚያው ሁሉም ፋይሎች በእርሳቸው እጅ ናቸው፤ ለጥናቱ የተወሰደው የተፈቀደው ክፍል ብቻ ነው። አሮጌው ድራይቭ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከየትኛው ኪቦርድ እንደ ወጣና የጻፋቸው ዲስኮች የትኞቹ እንደ ሆኑ ተጽፎበት፣ ከዲስኮቹ ጋር በአንድ ካርቶን ተቀምጧል። ሻጋታ ያለባቸው ዲስኮች ገና አልተነበቡም።